በአቼቶ ያጠብኩት ምንጭ

ካልኬርን የማያውቅ ሰው ጄኔቫን አያውቅም። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ የአማርኛውን ፈልጌ አላውቅም፣ እዚህ ያለን አበሾች ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ውሃው ውስጥ ኖራ ስላለ የነካውን ሁሉ ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል፤ ማንቆርቆሪያውን፣ ቧንቧውን፣ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ትልቅ ሆቴል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንን ቅርፊት ስፍቅ ኖሬያለሁ። አለቃችን የቧንቧውን አፍ በጣቷ ዳሰስ ታደርግና ነጭ ነገር ከያዘላት ክፍሉ እንደገና ይጸዳል። አቼቶ ማፍሰስ፣ ሩብ ሰዓት መታገሥ፣ ከዚያ በብረት መፋቂያ መግፋት። በዚህ ሥራ የሚደርስብኝ አልነበረም። ስናገር ኩራት ቢመስል ኩራት ነው፤ አልዋሽም። የኋላ ኋላ የመጣው መዘዝም ከዚሁ ኩራት የመጣ ነው።

የምኖረው ቬርኒየ፣ እንደ ባቡር ተዘርግቶ የማያልቀው ሕንፃ ላይ ነው። ልጄ ወደ ዙሪክ አግብታ ከሄደች ወዲህ ቀኔን የሚሞላልኝ ማኅበራችን ነበር፤ የቅዱስ ሩፋኤል ጽዋ ማኅበር፣ አሥራ ሁለት ሴቶች። የማኅበር አለቃ ሴትም ብትሆን ሙሴ ነው የምትባለው። የእኛዋ ሙሴ ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር የምትኖር፣ ነርስ ሆና ጡረታ የወጣች፣ በዕድሜ ታናሼ፣ በቃሏ ግን የሁላችንም ታላቅ የሆነች ሰው ናት። የማኅበሩ ትንሿ ደግሞ አንድ የዲፕሎማት ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የመኖሪያ ካርዷ ከአሠሪዎቿ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቤቱን ከለቀቀች አገሩን ትለቃለች። ከሳምንቱ ውስጥ የእሷ የሆነው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፤ እሱንም ለእኛ ነበር የምትሰጠው። አዲስ አበባ ያለችው እናቷ ስኳር በሽታ አለባት፣ ኩላሊቷም ተነክቷል። ልጅቱ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ደውላ ስለ እናቷ ስትጠይቅ የሁላችንም ጆሮ እዚያው ነበር።

ምንጩ የሚገኘው ከጄኔቫ ወጣ ብሎ ጁራ ተራራ ግርጌ፣ ጫካ ውስጥ ነው። ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ። ከዓመታት በፊት ለበዓል የመጡ አንድ አባት ጸሎት አድርሰውበት ባረኩት። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ ጠበል ነው። ስዊሶቹ ያንን አያውቁም፤ ውሾቻቸውን እየጎተቱ በላይኛው መንገድ ያልፋሉ።

ሥፍራው ከመጀመሪያውም ደስ አይለኝም ነበር። ውሃው ከአንድ ትልቅ ገደል ሥር ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ከዚያ ሜዳው ላይ ተኝቶ ረግረግ ይሆናል። ቄጠማ ይበቅልበታል፣ ክረምት ከበጋ እርጥብ ነው፣ እግር ከተሳሳተ እስከ ጉልበት ይውጣል። ረግረጉን ከታች በኩል ገድቦ የያዘው እንደ ምጣድ ጠርዝ የዞረ ድንጋይ ነው። ጠርዙን ደግሞ አገር ቤት የድንጋይ ሽበት የምንለው ነገር ሸፍኖታል፤ ይሄኛው ግን አረንጓዴ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ። ውሃው በሽበቱ ውስጥ ተጣርቶ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። የወደቀ እንጨት እዚያ ሲቆይ ድንጋይ ይለብሳል። ቅጠልም፣ የቀንድ አውጣ ቤትም። አንዴ ልጅቱ ድንጋይ የሆነ ዝግባ ፍሬ አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ “እማማ፣ እዚህ ብዙ ከቆምን እኛንም እንዲህ ያደርገናል” አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ፍሬውን ግን ወዲያው ከእጄ ወስዳ መለሰችው።

አምና ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ጳጉሜ ልትገባ ቀናት ሲቀሯት፣ ብቻዬን ወደዚያ ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። የሩፋኤል ዕለት ሁላችንም ልንጠመቅ ነው፤ ውሃው ግን ጠብ ጠብ እንጂ አይወርድም። ደግሞ ጠርዙ ላይ ከሽበቱ ሥር ያለው ነጭና ቡናማ ቅርፊት ሠላሳ ዓመት የፋቅሁት ነገር ነው። አየሁት፣ አወቅሁት፤ ካልኬር ነው። ታቦት የሚከበርበት ዕለት በካልኬር የተደፈነ ጠበል ሥር መቆም ለእኔ በቆሸሸ ልብስ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድ አይለይም። በጀርባ ቦርሳዬ አምስት ጠርሙስ አቼቶ፣ የሆቴሉን የብረት መፋቂያ፣ ጠንካራ ብሩሽና አንድ መዶሻ ይዤ ነበር።

ከጠዋት እስከ ቀትር ሠራሁ። ሽበቱን በእጄ እየነቀልኩ ጣልኩት። ሲነቀል እንደ ርጥብ ፀጉር ነው፤ ሥሩ ግን ድንጋይ ነው፣ ይሰበራል። አቼቶውን አፈሰስኩ፤ ድንጋዩ አረፋ ደፍቆ ሲጮህ ሰማሁት፣ ደስ አለኝ። ጠርዙን መሐል ላይ በመዶሻ ከፍቼ ሰው ጭንቅላቱን የሚያስገባበት ያህል አሸንዳ አወጣሁለት። ውሃው ተምዘገዘገ። ከረግረጉ ጥቁር ሰውነት ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት እንሽላሊት መሳይ ነገር ወጥታ፣ ቀስ እያለች እግሬ ሥር አለፈች። እኔን አልፈራችኝም። ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ አውቶቡሱ ስፈጥን ወደ ኋላዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመለከትኩ።

የሩፋኤል ዕለት ውሃው እንደ አገር ቤት ጠበል እየዘነበ ተቀበለን። ሴቶቹ እልል አሉ። ማን አጸዳው ተባለ። ሙሴያችን ደን ጠባቂዎቹ ይሆናሉ አለች። እኔ ዝም አልኩ። ቀኝ እጅ የሰጠችውን ግራ እጅ አትወቅ ይባል የለ፤ በጎ ሥራዬን በወሬ አላረክሰውም ብዬ ነው። የያኔው ዝምታዬ ንጹሕ ነበር፤ አሁንም እንደዚያ አምናለሁ።

ልጅቱ አሠሪዎቿ አዘግይተዋት ዘግይታ ደረሰች። ሁላችን ወጥተን ስንለባብስ እሷ የመጨረሻ ሆና ገባች። ብዙ ቆየች። የእናቷን ስም እየጠራች ስትጸልይ ይሰማን ነበር።

ለመስቀል ሰሞን ስንመለስ ውሃ የለም። ጠርዙ ደርቆ ነጭ ሆኗል። የከፈትኩት አሸንዳ ሥር ድንጋዩ ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ ውስጥ ጥቁር ጨለማ ይታያል። ረግረጉ ጭቃ ሆኗል፤ ጭቃው ላይ ገና እግር ያላበቀሉ የዚያች ነጠብጣባም ፍጥረት ልጆች ደርቀው ተጣብቀዋል። ቄጠማው ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ከሁሉ የከፋው ድምፁ ነው። ጆሮ ለመሬት ቢሰጥ ውሃው ከእግራችን ሥር፣ ከድንጋዩ በታች ሲሄድ ይሰማል። አልጠፋም፤ ለእኛ አልወጣም እንጂ። አንዷ መሬቱን ሰምታ ተነሥታ አማተበች፣ “ሸሸ” አለች።

ጠበል ይሸሻል። ይህንን እኛ ከእናቶቻችን ሆድ ጀምረን የምናውቀው ነው፤ ንጹሕ ያልሆነ ሰው ሲገባበት ይሸሻል። ስለዚህ ያን ዕለት ወደ አውቶቡሱ ስንወርድ ሁሉም በልቡ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ መጨረሻ የገባ ማን ነበር? እኔም አስቤዋለሁ። ስለ መፋቂያዬ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም። እኔ አጸዳሁ እንጂ ምን አደረግሁ?

በሳምንቱ ልጅቱ ራሷ ሙሴያችን ቤት ሄዳ አለቀሰች። የሩፋኤል ዕለት ማታ ከጠበሉ ተመልሳ አሠሪዎቿ ቤት ስትደርስ የወር አበባዋ መጥቶ አግኝታዋለች። ውሃው ውስጥ ሳለች ይሁን በኋላ፣ አታውቅም። ሙሴያችን ክፉ ሰው አይደለችም፤ ለንስሐ አባት እስክትናገርና ቀኖና እስክትቀበል ከማኅበሩ ትንሽ ራቅ ትበል አለች። እኛም ተስማማን። ራስዋም ተስማማች፤ አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። ቅዳሜ ጠዋቷን የት እንደምታሳልፍ ከመሐላችን የጠየቀ የለም።

ጥቅምት ላይ ልጄ ዘንድ ወደ ዙሪክ ሄድኩ፤ የልጅ ልጄን ልጠብቅላት ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከከተማው በላይ ያለው ጫካ ውስጥ ወጣን። ሕፃኑን አዝላዋለች። ቁልቁለቱ ላይ ስንዞር አንድ ቦታ በገመድ ታጥሮ አየሁና እግሬ ቀጥ አለ። ያው ነበር። ጠብ ጠብ የሚል ውሃ፣ ያበጠ አረንጓዴ ሽበት፣ እንደ ምጣድ ጠርዝ የዞረ ድንጋይ፣ ከኋላው ረግረግ። ከገመዱ አጠገብ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ ቆሟል። ጀርመንኛ ነው፤ ልጄን አንብቢልኝ አልኳት።

ልጄ ጄኔቫ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ያው እንደ ልጆቹ ነው። “ማሚ፣ ዝናቡ ላይ ተራራው ውስጥ ይገባል፣ ድንጋዩን ትንሽ ትንሽ ያሟሟዋል” አለች። “እዚህ ሲወጣ ድንጋዩን መልሶ ያስቀምጣል። ግን ብቻውን አይደለም፣ ቱ ቯ፣ ታያለሽ? ይሄ አረንጓዴው ሞሱ ነው ከውሃው ጋዙን የሚወስደው፣ ድንጋዩ እሱ ላይ ይቀመጣል። ታቹ ድንጋይ ይሆናል፣ ላዩ ያድጋል። እንደዚህ እንደዚህ ግድግዳ ይሠራል። ግድግዳው ነው ረግረጉን የያዘው።”

ሰው ቢነቅለውስ አልኳት።

ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብላ አነበበች። “ውሃው መንገድ ይቀይራል ይላል። ሥር ይገባል። ረግረጉ ይደርቃል፣ ውስጡ ያሉት እንስሶችም። ለመመለስ በጣም ረጅም ጊዜ ነው፣ የሰው ዕድሜ አይበቃውም።” ከዚያ ፊቴን አየችና ለምን እንደምጠይቃት ጠየቀችኝ። ደክሞኛል አልኳት።

ያ ድንጋይ ሕይወት ያለው ነገር ሠርቶት የነበረ ነው። ካልኬር ነው፣ አልተሳሳትኩም፤ ግን ያ ቅርፊት ቆሻሻ መስሎኝ የፋቅሁት ቤቱን ራሱን ነበር። ሽበቱ የውሃውን ድንጋይ እየያዘ፣ ድንጋዩ ሽበቱን እየቀበረ፣ ሽበቱ በራሱ መቃብር ላይ እያደገ፣ ስንት መቶ ዓመት የሠሩትን እኔ በአንድ ጠዋት በአምስት ጠርሙስ አቼቶ ጨረስኩት። ውሃውም ከማንም አልሸሸም። በቀደድኩለት ገባ።

ባቡር ውስጥ ወደ ጄኔቫ ስመለስ ደጋግሜ አሰብኩት። አባቴ “ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ” ይል ነበር። ዕለቱኑ መደወል ነበረብኝ። ልጅቱ ጋ አንድ ስልክ፣ ሙሴያችን ጋ አንድ ስልክ፣ አለቀ። እኔ ግን ስለ ራሴ አሰብኩ። በሽምግልናዬ ጠበል ያፈረሰች ሴት ልባል ነው? የወሩ ማኅበራችን ቅዳሜ ሳምንት እኔ ቤት ነው፤ ያኔ በሥርዓቱ፣ በሁሉም ፊት እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ቀጠሮ ሰጠሁ። ዝም አይነቅዝም አልኩ። ተረቱ እውነት አይደለም፤ ዝምታም ይነቅዛል።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሜራን ከሚባለው ሰፈር ስመለስ ትራም ውስጥ አገኘኋት። ብቻዋን መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትራሙን ከዳር እስከ ዳር እንደምትሄድበት ነገረችኝ፤ ሌላ የምትሄድበት የለም። እናትሽ እንዴት ናት አልኳት። ለእናቷ ሁሉን ነግራታለች። እናትየው ልጄ ያስቀየመችውን መልአክ እኔ እለምነዋለሁ ብላ ሱባዔ ገብታለች፤ በስኳሯ፣ በኩላሊቷ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ተይ ብትላት አልሰማ ብላታለች። “ውሃው እስኪመለስልሽ አልፈታም አለችኝ” አለች ልጅቱ፣ በስልኳ ሽፋን እየተጫወተች።

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እውነቴን ነው፣ ከጥርሴ ጀርባ ነበር። ትራሙ ቆመ፣ ሰዎች ገቡ፣ አንዲት ሴት ጋሪ ይዛ በመሐላችን ቆመች። እኔ የምወርድበት ደረሰ። እግዚአብሔር ያውቃል አልኳትና ትከሻዋን ዳሰስ አድርጌ ወረድኩ። ቅዳሜ ሊመጣ ሰባት ቀን ነው የቀረው፣ ምንም አይሆንም አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ሙሴያችን ደወለችልኝ። የልጅቱ እናት ሐሙስ ዐርፋለች፤ ዘመዶቿ ከአዲስ አበባ ደውለዋል፣ ልጅቱ በስልክ እንዳትሰማ አደራ ብለዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ነገ ማኅበሩ አንቺ ቤት ነው፤ እሷንም ጠርተናት እዚያው እንነግራታለን አለችኝ። ጾሙ ገደላት ማለት አልችልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ጾሙን ማን እንዳስጀመራት ግን አውቃለሁ።

ቅዳሜ ሁሉም በጠዋት መጡ። ነጠላቸውን እንደ ወትሮው ለብሰዋል፣ ሳትሰማ እንዳትጠረጥር። ጠላው፣ ዳቦው፣ ጽዋው እንደ ማኅበር ቀን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የሚነካው የለም። ደወሉ ሲጮህ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ፀጉሯን ተሠርታለች። በአሠሪዎቿ ኩሽና የጋገረችው የፖም ታርት በካርቶን ይዛለች። አሥራ አንዳችንም ተነሥተን ስንቆምላት ፊቷ በራ።

“ታረቃችሁኝ?” አለች።

ሙሴያችን ካርቶኑን ከእጇ ተቀበለች፣ አስቀመጠቻት፣ ከጎኗ ተቀመጠች፣ ነገረቻት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። ልጅቱ ወለሉን አየች፣ ከዚያ ደረቷን እየመታች እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት ማለት ጀመረች። መልአኩን ያባረርኩት እኔ ነኝ፣ ለእኔ ስትጾም ነው የሞተችው። ሴቶቹ እጇን ሊይዙ ቢሞክሩ አቃታቸው። ከመሐላቸው አይደለሽም ያላት አልነበረም። ምክንያቱም ሁሉም እንደዚያው ያምኑ ነበር።

ያኔ ተናገርኩ። ቆሜ፣ በአንድ ትንፋሽ፤ አቼቶውን፣ መፋቂያውን፣ መዶሻውን፣ የዙሪኩን ሰሌዳ፣ ሽበቱ ድንጋይ እንደሚሠራ፣ ውሃው በሰበርኩት ስንጥቅ ሥር እንደገባ። ውሃው ከአንቺ አልሸሸም ልጄ፣ እኔ ነኝ ያፈረስኩት አልኳት። ሙሴያችን እጇን ዐፏ ላይ ጫነች። ልጅቱ ደረቷን መምታት አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። የተገላገለች መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ልታቅፈኝም መስሎኝ ነበር።

“መቼ ነው ያወቁት?” አለችኝ።

ዙሪክ፣ ከባለፈው እሁድ በፊት በነበረው እሁድ አልኳት።

ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቆጠረች፣ ከእሁዱ እስከ ሐሙስ። ቀስ ብላ ነው የቆጠረችው፤ ትራሙ ላይ የተገናኘንበት ቅዳሜ ላይ ስትደርስ ጣቷ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ።

“አሥራ አንድ ቀን” አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። “እማማ፣ እርስዎ ለእናቴ አያልቅሱላት።”

ሌሎቹ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ የዘቀዘቅሁትን ነጠላ ከትከሻዬ አወረድኩና አጥፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ኩሽና ገብቼ ለለቀስተኛው ሻይ ጣድኩ።